ጾመኛው ዓሣና አርባኛው ሰው

በሱልጣን መሐመድ ኢማዱዲን ዘመነ መንግሥት፣ በ፲፪፻፷፪ ዓመተ ሂጅራ፣ በወርኃ ሙሐረም፣ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ሰማዩን ጠርጎ ባሕሩን ባሳረፈበት ሰሞን፣ የኪረንዱ ደሴት ውስጠኛ ባሕር ታጥቦ እንደ ተቀመጠ ሳሕን ባዶውን ይታይ ነበር፤ በደጉ ዘመን በዚህ ወራት ሬሂ የምትባለው ብርማ ትንሽ ዓሣ ከነጩ አሸዋ እስከ ቋጥኙ አጥር ድረስ ግጥም ብላ ትሞላውና፣ ሽርጡን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው የገዛ እግሩን አያይም ነበር፤ አሁን ግን የእግር ጥፍር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ሬሂ ከጠፋች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ወዴት እንደ ሄደች የሚያውቅ አልነበረም፤ ለምን እንደ ሄደች ግን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ አንዱ የጎረቤት ደሴት ሰዎች ደግመውብን ነው ይላል፤ ሌላው የራሳችን ኃጢአት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የአማቱን ስም ይጠራል።

ከቋጥኙ ማዶ፣ በጥልቁ ባሕር፣ ቱና የሚባለው ትልቁ ዓሣ አልጠፋም። ወፎች ከላዩ እየተንጫጩ፣ መንጋው ውሃውን እያፈላ በደሴቲቱ ፊት ለፊት ያልፋል፤ የኪረንዱ ወንዶችም ዳር ቆመው ያዩታል፤ ከማየት በቀር አንዳች ሊያደርጉት አይችሉም። ቱና ኩሩ ነው፤ የሞተ ነገር ቢወረውሩለት ዞር ብሎ አያይም። ሕያው ትንሽ ዓሣ በእፍኝ እየተበተነለት ካላበደ በቀር በዘንግ ጫፍ የሚያብለጨልጨውን ባዶ መንጠቆ አይጎርስም። ማባበያ የሌለው ጀልባ እንግዲህ ተንሳፋፊ ግንድ ማለት ነው፤ የሁለት ዓመት ምግባችንም ኮኮነትና ጎደሬ ብቻ ሆኖ ነበር።

በዚያ ዘመን ሕግ ደግሞ ደሴት፣ ደሴት የሚባለው መስጊዱ በጁምዓ ቀን አርባ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች ሲያቆም ነው። ከአርባ ከጎደለ የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው፣ አይነበብም፤ የስብከቱ መቆሚያ ሚንበርም ይነሣል፤ ሕዝቡም በየጎረቤት ደሴቱ ይደለደልና መንደሩ ለሸርጣን ይቀራል። ኪረንዱ ማባበያ ካጣች ወዲህ ሰዎቿ አንድ ሁለት እያሉ ተሻግረው፣ በዚያ ሙሐረም የቀሩት ወንዶች ልክ አርባ ነበሩ፤ አንድም ትርፍ አልነበረም። ከሱልጣኑ ከተማ ከማሌም ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ በየዓመቱ ገጸ በረከት ይዞ ወደ ኮሎምቦ የሚላከው መልእክተኛ ሊነሣ ነውና፣ እያንዳንዱ ደሴት ተቀቅሎ በጭስ የደረቀ ቱና እንዲያቀርብ፤ የአውራጃውም ሹም ደሴቶቹን እየዞረ ዓሣውንም ሰውንም እንዲጎበኝ። ሹሙም በወሩ የመጨረሻ ጁምዓ ኪረንዱ ላይ እሰግዳለሁ ብሎ አስቀድሞ ልኮ ነበር።

በደሴቲቱ ላይ ሁለት ኬዮሉዎች፣ ማለት የጀልባ አለቆች፣ ቀርተው ነበር። አንደኛው ቱቱ ማኒኩ ነው፤ ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ጎርናና፣ ማዕበል ሲነሣ የሚስቅ። ሁለተኛው የቱቱን እኅት ሳንፋን ያገባው ኢድሪስ ካሎ ነው፤ እርሱ ደግሞ ደመና ካየ የሚመለስ፣ ፀሐይ ከበረታ ሸራ ሥር የሚገባ፣ ሆኖም በዘመኑ አንድም ሰው ባሕር ያላስቀረ። ቱቱ «ጥላ ወዳዱ» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም ከደሴት ደሴት ተሻግሮ ማሌ ሳይደርስ አልቀረም። ኢድሪስ በዚህ አይቆጣም። «ጥላን የፈጠረው አላህ ነው፤ እኔ የተቀመጥኩበት ብቻ ነኝ» ይላል፤ ከዚያም ጀርባውን ያመቻቻል።

የሬሂን ምትክ ፍለጋ ቀድሞ የተነሣው ቱቱ ነበር። ከቋጥኙ ጫፍ ሰማያዊ ግልገል ዓሦችን በመረብ አወጣ፤ የጀልባዋን ሆድ ውታፎች አስነቅሎ የባሕር ውሃ አስገባና በዚያ ውስጥ አኖራቸው። በሌላ አገር «ውታፍ ነቃይ» ስድብ ነው አሉ። በእኛ ዘንድ ግን ውታፍ የሚነቅለው ሰው ከኬዮሉው ቀጥሎ የሚከበር ነው፤ አብዝቶ ከነቀለ ጀልባዋ ትሰጥማለች፤ አሳንሶ ከነቀለ ማባበያው ታፍኖ ያልቃል። ግልገሎቹ በሕይወት ደረሱ፤ መልካቸውም ያምር ነበር። ወፎቹ ካሉበት ሲደርሱ ቱቱ በእፍኙ ዘግኖ በተናቸው፤ እነሱም ቀጥ ብለው ወደ ጥልቁ ፈረጠጡ፤ ቱናው ግልገሎቹን ተከተለ፤ ወፎቹም ቱናውን ተከተሉ፤ ጀልባዋ ከነሰዎቿ ብቻዋን ቀረች። ደጋግመው ሞከሩ፤ ነገሩ ሁሉ ያው ሆነ።

ቱቱ ባዶ እጁን ሲመለስ ኢድሪስ ከኮኮነቱ ዛፍ ሥር ሳይነሣ ጠየቀው።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«ቱናውን አብልቼ ሸኝቼ መጣሁ።»

«ግልገሎቹስ?»

«እነሱማ መንገድ መሪ ሆኑት። ይሄኔ ህንድ ገብተዋል።» ቱቱ ሳቅ አለና ወዲያው ፊቱ ጠቆረ፤ አሸዋው ላይም ተቀመጠ። «ስማኝ አማቼ፤ እኔ በቃኝ። ሹሙ ከመምጣቱ በፊት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ቤተሰቤን ጭኜ ወደ ትልቁ ደሴት እሻገራለሁ።»

«አንተ ከሄድክ እኮ አርባ አንሞላም።»

«እሱን አጥቼው ነው? ዛሬ ብቆይ ደግሞ ነገ ሌላው ይሄዳል። ያኔ ሹሙ እንደ ዕቃ አንሥቶ ወደ ፈለገበት ይጥለኛል። የምወድቅበትን እኔው ልምረጥ።»

የቱቱ ነገር ክፋት አልነበረበትም፤ ኢድሪስን ያስጨነቀውም ይኸው ነበር።

ሳንፋ ነገሩን ስትሰማ የምትጎነጉነውን ሰሌን ከጭኗ አወረደች። ከሰውም ከባልም የማትደብቅ ሴት ነበረችና አለቀሰች፤ ዕንባዋንም ሳትጠርግ ተናገረች።

«እናቴ እዚህ ናት ያለችው። እኛ ስንሄድ ዓርብ ዓርብ ቀብሯን ማን ይጠርግላታል? ሸርጣኑ?»

«ሳንፋ፣ እኔስ መሄድ የምወድ መሰለሽ? የተወለድኩት እዚህ። ያገባሁሽ እዚህ።»

«እንግዲያው ከተኛህበት ተነሣና አንድ ነገር አድርጋ።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ? ባሕር ሂድ። ከጥላ መለየት ካቃተህም ይኸው፣ ጥላህን ይዘህ ሂድ» ብላ ሰሌኑን ጠቅልላ ትከሻው ላይ ጣለችለት።

ኢድሪስም እንደ ተባለው ሰሌኑን ተሸክሞ ሄደ። ትንሿን ጀልባ ከቋጥኙ አጠገብ አሰረ፤ ሰሌኑን ከላዩ ሊዘረጋ ሲታገል ግማሹ አመለጠውና ውሃው ላይ ተንጣሎ ተንሳፈፈ። ሊያነሣው ጎንበስ ሲል ግን እጁ ባለበት ቀረ። ከሰሌኑ ሥር፣ ጥላው ባረፈበት ልክ፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ገላቸው መዳብ የመሰለ ትንንሽ ዓሦች ከየቋጥኙ ስንጥቅ ወጥተው ተሰብስበው ነበር። በመቅዘፊያው ውሃውን መታው። ተበተኑ፤ መቅዘፊያውን ወደ ጀልባዋ ሳይመልስም ተመልሰው ከጥላው ሥር ገቡ። ደግሞ መታ፤ ደግሞ ተመለሱ። ኢድሪስ ብቻውን ሳቀ። የቱቱ ግልገሎች ሲደነግጡ ወደ ጥልቁ ይሸሻሉ፤ እነዚህ ሲደነግጡ ወደ ጥላ ይሸሻሉ፤ በባሕር መካከል ደግሞ ከጀልባ በቀር ጥላ የለም። ቱናው ተከትሎ ቢመጣ የሚመጣው ወደ ዘንጉ ነው።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ የዓሣው ስም ጾመኛ ነበርና። በኪረንዱ ይህን ዓሣ የሚነካ ሰው አልነበረም። ብዙ ጊዜ አፉን ገጥሞ፣ ምግብ ባፍንጫው ሥር ቢያልፍ እንኳ ሳይቀምስ ይታያል፤ ስለዚህ የጥንት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይጾማል ብለው ስሙን አወጡለት፤ እርሱን ያጠመደ የገዛ ጾሙ ይፈርስበታል ተብሎም ልጅ ሁሉ በዚህ አደገ። የሌላ ደሴት ሰዎች በዚህ ሲስቁብን ኖረዋል፤ እኛ ግን ስናከብረው ኖርን። ኢድሪስም በእጁ ለመንካት ፈራ፤ አንዱን በኮኮነት ቅርፊት ከነውሃው ጨለፈና ወደ ካቲብ ዩኑስ ቤት ሄደ። ሳንፋም መንገድ ላይ አይታው፣ ምን እንደ ያዘ ለማወቅ ተከተለችው።

ካቲብ ዩኑስ የመስጊዱ ኢማምም የደሴቲቱ ገዢም ነበሩ፤ አፍ የሚያቀላ ቅጠል ከማኘክ ብዛት ጥርሳቸው ቀልቷል። ቅርፊቱን ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«ኢድሪስ፣ ይሄ ጾመኛ ነው።»

«አዎ፣ ካቲብ።»

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትለኝ? ጾሙን ላስፈታው?»

«ማባበያ ሊሆነን ይችላል ብዬ ነው። ይፈቀድ እንደሆነ እርስዎን ልጠይቅ መጣሁ።»

«እኔ እኮ ልጅ ሆኜ በረመዳን ይሄን ዓሣ ሳገኝ ሰላምታ እሰጠው ነበር» አሉ ካቲቡ፣ እያፈሩም እየሳቁም። «አባቴም ይሰጥ ነበር። በመጽሐፍ አላየሁትም፤ ግን እንዴት ብዬ ልፍቀድ?»

ሳንፋ ከባሏ ትከሻ በላይ ስታይ ቆይታ ነበር። «ለመሆኑ ጾም እንዲህ ጉንጭ ያሳብጣል?» አለች። ከዚያም ማንንም ሳታስፈቅድ እጇን ቅርፊቱ ውስጥ ከተተች፤ የዓሣውን መንጋጋ በጣቷ በቀስታ ጫን አደረገችው። አፉ ተከፈተ። ከውስጡም ከጤፍ ጥቂት የሚተልቁ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ጥቁር ነጥብ ያላቸው እንቁላሎች ተያይዘው ወጡና ውሃው ላይ ተንሳፈፉ፤ ነጥቦቹ ዓይኖች ነበሩ። ዓሣው ተንገበገበ፤ ዞሮም ሰብስቦ መልሶ በአፉ ያዛቸው፤ ገጥሞም ዝም አለ።

ሦስቱም ቅርፊቱ ላይ አቀርቅረው ቀሩ። ካቲብ ዩኑስ ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ፤ ምክንያቱን እርሳቸውም አያውቁት ይሆናል።

«ይሄ ጾም አይደለም» አሉ። «ልጆቹን ነው የያዘው። ቢበላ ይውጣቸዋል።» ቀጥለውም እንደ ዳኛ ድምፃቸውን አስተካከሉ። «አፉ ባዶ የሆነው እንደማንኛውም ዓሣ ነው፤ አጥምዱት። ጉንጩ የሞላውን ግን ወዳገኛችሁበት መልሱ።»

«ሕጉ እንዲህ ይላል፣ ካቲብ?»

«ሕጉ ስለዚህ ምንም አይልም። እኔ ነኝ የምለው።»

ረቡዕ ዕለት ኢድሪስና ሰዎቹ የሳንፋን ሰሌን በአራት ዘንግ ወጥረው ከውሃው በላይ ዘረጉ፤ መረቡንም ከሥሩ አጠለቁ። ጾመኛው ወደ ጥላው እየገባ ሲሞላ መረቡን ቀስ አድርገው ያነሣሉ፤ ጉንጩ ያበጠውን እየለዩ ይመልሳሉ። ቱቱ ማኒኩ ዕቃውን ጀልባው ላይ ሲጭን ቆይቶ፣ ነገሩ አላስችል ቢለው ወገቡን ይዞ መጣ።

«አማቼ፣ ለዓሣ ድንኳን ተከልክ? ሙሽራው ማነው?»

«አንተ ነህ። ነገ ማለዳ ከእኔ ጋር ትወጣለህ። ውታፍ ነቃዬ ወገቡን ታሟል።»

«እኔ? ቱቱ ማኒኩ? የጥላ ወዳዱ ውታፍ ነቃይ ልሁን?»

«ለእኔ አይደለም። ለሳንፋ ብለህ።»

ቱቱ ወደ ቀየው አየ፤ እኅቱ ከሩቅ ቆማ ትመለከተው ነበር። «አንድ ቀን ብቻ» አለ። «ዕቃዬ ተጭኗል። ስንመለስ እነሣለሁ።»

ሐሙስ ማለዳ ወጡ። ቱቱ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ውሃ ገብቶት፣ ውታፉን አንዴ ከፈት አንዴ ገጠም እያደረገ፣ ሌሎቹም የተረፈውን ውሃ እየጨለፉ ወደ ውጭ እየደፉ፣ ወፎቹ ካሉበት ደረሱ። አንድም ጾመኛ አልሞተም። ኢድሪስ በእፍኙ ዘገነ። በተነ። ትንንሾቹ ዓሦች ባሕሩ ላይ ወድቀው ዞር ዞር አሉ፤ ከሥራቸው ያለውን ጥልቅ ሳይወዱት ቀሩ መሰለኝ፤ እንዳሉም ወደ ጀልባዋ ጥላ ተመለሱ። ከኋላቸው ቱናው መጣ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ብዙ፣ ከዚያም የጀልባዋ ኋላ የሽሮ ድስት እንደ ተንተከተከ ሆነ። ዘንግ የያዙት ወንዶች ተደርድረው ቆሙ፤ ሌሎቹ ትንንሽ ዓሣ የሚዘል እንዲመስል ባሕሩ ላይ ውሃ ረጩ፤ ቱናው አየር ላይ ከመንጠቆው እየተላቀቀ ሳንቃው ላይ እንደ ከበሮ መታ። ሁለት ዓመት ያልተሰማ ድምፅ ነበርና ከሰዎቹ አንዳንዱ እያጠመደ ያለቅስ ነበር።

ፀሐይ ሳትበረታ ከምዕራብ ጥቁር ደመና ብቅ አለ። ሰዎቹ ወደ ኢድሪስ አዩ፤ ልማዱን ያውቃሉ።

«ኬዮሉ፣ ደመና» አለ ቱቱ ከውሃው ውስጥ፣ በሽሙጥ።

«አየሁት» አለ ኢድሪስ። «ጥላ ይሆነናል። አጥምዱ።»

ጀልባዋ እስከ አፏ ሞልታ ስትመለስ ሴቶቹ ገና ከሩቅ ጀልባዋ ከጭነት ብዛት ዝቅ ማለቷን አይተው ጋኖቹን ጥደው ጠበቁ። ያን ቀን ኪረንዱ በሙሉ የዓሣ መረቅ ጠጣ፤ የተቀረው ተቀቅሎ ጭስ ላይ ወጣ። ቱቱ ማኒኩ ብቻ ከመረቁ ቀምሶ ተነሥቶ ሄደ። ኢድሪስም ይቀር ወይስ ይሻገር እንደሆነ ሊጠይቀው ልቡ አልደፈረም።

በማግሥቱ ጁምዓ የአውራጃው ሹም በባለ ጃንጥላ ጀልባ መጣ፤ የሚደርቀውን ቱና አይቶ ጢሙን ዳበሰ፤ ከዚያም ወደ መስጊድ ገባ። ሹሙና ባልንጀሮቹ እንግዶች ናቸውና በቁጥር አይገቡም። ካቲብ ዩኑስ ኹጥባ ሲነበብ በእጅ የሚያዘውን ሰይፍ ይዘው ሚንበሩ ሥር ቆሙ፤ በዓይናቸው ሰልፉን ቃኙ፤ ደግመው ቃኙ። ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ። ኢድሪስ በመስኮቱ ወደ ባሕር ተመለከተ። የቱቱ ጀልባ ከታሰረችበት የለችም።

ሁሉ ነገር ተሠርቶ ተሠርቶ በአንድ ሰው ሊፈርስ ነው፤ ያም ሰው የሚስቱ ወንድም ነው። ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ካቲቡም ሰይፉን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው እያዛወሩ ጊዜ ገዙ።

በዚያን ጊዜ ከመስጊዱ ጉድጓድ ዘንድ ውሃ የመቅዳት ድምፅ ተሰማ። ቱቱ ማኒኩ ፀጉሩ እየተንጠባጠበ፣ ክርኑ ተልጦ፣ ጎንበስ ብሎ ገባና ከኢድሪስ ጎን በመጨረሻው ቦታ ቆመ።

«የት ነበርክ?» አለ ኢድሪስ በሹክሹክታ።

«ከደሴቲቱ ጀርባ። ዕቃዬን ሳወርድ።»

«ጀልባህን ለምን ወሰድካት?»

«ሆዷን ልፈገፍግ ነዋ። የሰው ድስትና ትራስ በተጫነበት ጾመኛ ይቀመጣል?» ቱቱ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞረ። «ሳንፋን አንድ ሰሌን እንድትሠራልኝ ንገራት። ካንተ ሰፋ ያለ።»

ካቲብ ዩኑስ ሚንበሩ ላይ ወጡ።

የዚያን ዓመት ነገር የጻፉ የማሌ ጸሐፊዎች የመልእክተኛውን ወደ ኮሎምቦ መነሣት፣ የለበሰውን ሐር ቀለምና የነፋሱን ደግነት ጽፈዋል፤ ከጀልባው ሆድ ውስጥ ስለ ነበረው ደረቅ ቱና ግን ከየት እንደ መጣ አልጻፉም፤ ሊጽፉም አይጠበቅባቸውም። ሬሂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ ሄደችው ሁሉ ማንንም ሳታስፈቅድ ተመለሰች። ኪረንዱ ግን ጾመኛውን አልተወችም፤ ዛሬም ሰሌን ይዘረጋል፤ ዛሬም ጉንጩ ያበጠው ወደ ባሕሩ ይመለሳል፤ እንደማይጾም ሁሉም ቢያውቅም ስሙን የለወጠለት የለም። የኢድሪስ ካሎ ስም ከጥቂት ሽማግሌዎች በቀር ከሰው አፍ ጠፍቷል። እርሱና ቱቱ ማኒኩ፣ በኋላም ሳንፋ፣ ከእናቷ አጠገብ በአንድ መሥመር ተቀብረዋል፤ ዓርብ ዓርብም ቀብራቸውን የሚጠርግ ሰው ዛሬም አለ።